ሰጥቶ የማይለቀው ኦቦ ነመራ

የነቀምቴና የአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ ሆይ! በአንድ እጃቸው የሰጡትን በሁለት እጃቸው የሚይዙት፣ የካርቦን ወረቀት የቅርብ ወዳጅ፣ የነጠላ ሰረዝ የማይተኛ ዘብ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርና ማንም ያልሾማቸው ደራሲ ኦቦ ነመራ ዋቅወያ፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በረዲ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ መታየታቸውን በታላቅ ድካም እናስታውቃለን። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እንተወዋለን፤ አንቱ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

በየከተማው አንድ ሰጥቶ የማይለቅ ሰው አለ። ጃንጥላ ያውስሃል፤ ግን አከፋፈቱን ሦስት ጊዜ ያሳይሃል፣ ነፋስ ከዲጋ በኩል ሲመጣ ወዴት ማዘንበል እንዳለብህ ያስረዳሃል፣ ዝናቡ ሳያባራም ጃንጥላው ደህና መሆኑን ሊያይ እየበሰበሰ ይመጣል። ዶሮ ይሰጥሃል፤ እንቁላሏን ይቆጥራል። ፊውዳሉ ይነጥቅሃል፣ ከበርቴው ይሸጥልሃል፤ እነዚህን ታሪክ መድቧቸዋል። ሰጥቶ የማይለቀውን ግን የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚያስገቡት የጥናት ክበቡ ተሰብስቦ፣ ተሰብስቦ፣ ሻይ ጠጥቶ ተበተነ።

የነመራ ስጦታ ጃንጥላ አልነበረም። ግጥምና ተረት ነበር።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዙር በዙር ላይ የሚደራረብበት፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር እኩል ሀ ሁ የሚልበት የደርግ ዘመን ነው። ሰዉ ፊደል ቆጠረ፣ ምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ የሚያነበው አጣ፤ ከመፈክር በቀር። መፈክር ደግሞ አንዴ ካነበቡት አለቀ። መጨረሻውን ለማወቅ የሚያጓጓ መፈክር እስካሁን አልተጻፈም።

«ማንኪያ አድለን ወጡን ከለከልነው» አለ ነመራ፤ መጻፍም ጀመረ። ለአንድ ገጽ የሚበቃ ተረት፣ ለአንድ ገጽ የሚበቃ ግጥም። በአራት ካርቦን አምስት ቅጂ ያወጣል፤ አምስተኛው ላይ ፊደሉ የጥላ ጥላ ይሆናል። ቅጂዎቹን ረዲ ሱቅ ውስጥ በተወጠረ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላቸዋል። ገበያተኛ ይመጣል፣ የጨው ጆንያው ላይ ይቀመጣል፣ በገዛ ደብተሩ ይገለብጣል፣ ይሄዳል። ሾፌሮች ወደ ጊምቢ፣ ወደ ዲጋ፣ እስከ ኪራሙ ድረስ ያደርሱታል። እስከዚህ ድረስ ሰውየው ቅዱስ ነው።

ጣጣው ያለው ከግርጌው ነው። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ፣ ከግጥሙ በደመቀ ቀለም፣ እንዲህ የሚል ሰፍሮ ይገኛል፦

፩. መገልበጥ ለማንም ተፈቅዷል።
፪. የጻፈውን ሰው ስም መጣል ክልክል ነው።
፫. መሸጥ ክልክል ነው።
፬. የለወጠ ወይም የጨመረ፣ መለወጡንና ስሙን ከነአገሩ ይጻፍ።

ነቀምቴ «አራቱ ትእዛዛት» አለቻቸው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ከአሥር ወደ አራት ማውረዱ ራሱ እንደ ለዘብተኝነት ተቆጠረለት።

የትእዛዛቱ የመጀመሪያ ሰማዕት ባለሱቁ ረዲ ነው። ረዲ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ፣ አማርኛውን ከደንበኛ፣ ምላሱን ከማንም ሳይበደር ያገኘ ሰው ነው። ደብተር፣ ቀለም፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ጨውም ይሸጣል። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «አልሃምዱሊላህ፣ ደከመኝ» ይላል። ሲባጎውን የወጠረው ለሥነ ጽሑፍ ፍቅር አይደለም፤ ግጥም የሚገለብጥ ሰው ደብተር ይገዛል ብሎ ነው። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ነመራን አላሰበበትም እንጂ።

ነመራ ሲሰጥ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው። «ውሰድ፣ ያንተው ነው። ብቻ...» ከ«ብቻ» በኋላ የሚመጣው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ረዲ ይህችን «ብቻ» የሰማ ቀን ጥርሱን ያመዋል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ለመገልበጥ ጊዜ ያጣች የጊምቢ ነጋዴ አውቶቡስ ሊያመልጣት ሆነ። ረዲ ራሱ ቶሎ ገልብጦ ሰጣትና ስሙኒ ተቀበለ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

«አካም ኦልተ፣ ረዲኮ» አለ ነመራ፤ እንዴት ዋልክ ረዲዬ ማለቱ ነው። «ሸጥክ አሉ።»

«ግጥሙን አልሸጥኩም፣ ኦቦ ነመራ። የእጄን ድካም ነው የሸጥኩት።»

«ግጥሙ ባይኖር እጅህ ምን ይጽፍ ነበር?»

«የዱቤ ስም ዝርዝር!»

«እሱን ሽጥ።»

ረዲ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። ሱቁን ለጎረቤት ጥሎ፣ በመስኮት በኩል ስሙኒውን ለሴትዮዋ ወረወረላት። እሷ ገንዘቡን ተቀብላ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ እንደ እባብ አንጠለጠለችው። «ምን ቢኖርበት ነው?» አለች። አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ሊያየው ተሻማ። በዚያ ሳምንት ጊምቢ ውስጥ ሰላሳ ቅጂ ተገለበጠ። ነመራ ይህን የትእዛዛቱ ድል አድርጎ ሲተርክ ረዲ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማዋል።

ታፋ የሚባል ሾፌር ደግሞ ለሚወዳት ልጅ ለሸዋጌጥ በጻፈው የፍቅር ደብዳቤ ውስጥ ከነመራ ግጥም አራት መስመር ሰካ፤ ስም ሳይጠራ። ነመራ ሰማ፤ እንዴት እንደሚሰማ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱም ቢጠይቀው ደስ ባለው። ከረባቱን አስሮ ልጅቷ ቤት ሄደ። ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እህቴ፣ ሦስተኛው አንቀጽ የኔ ነው። ፍቅሩ ግን የራሱ ነው፤ እሱን አልጠየቅኩም» አላት። ተጋቡ። በሠርጉ ላይ ሙሽራው ተነስቶ ግጥሙን ሲያነብ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ከኦቦ ነመራ የተወሰደ፤ መጠነኛ ለውጥ የተደረገበት» ብሎ ጨረሰ። ሰዉ አጨበጨበ። ነመራ ከጥግ ሆኖ ራሱን እንደ ዳኛ ነቀነቀ።

የቀበሌው ኪነት ቡድን በአዳራሽ፣ ባለሥልጣናት ፊት፣ የሱን ግጥም ስሙን ሳያነሳ ሲያቀርብ ደግሞ ነመራ ከመካከል ተነስቶ «ሥነ ሥርዓት!» አለ። ጠባቂዎቹ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። እሱ የጠየቀው ግን ስሙ እንዲጠራ ብቻ ነበር። ተጠራ። ተቀመጠ። ረዲ ከጎኑ ሆኖ በዓይኑ የአዳራሹን መውጫ በር ይፈልግ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» ይል ነበር ረዲ ሱቁን ሲዘጋ፣ «ወይ ስጥ ወይ አትስጥ። ላሟን ሰጠኸኝ፣ ጥጃዋን ግን ከጎንህ አሰርክ።»

እንግዲህ ወደ ትራክተሩ እንምጣ።

አንገር ጉቲን በዚያ ጊዜ የመንግሥት እርሻና የሰፋሪዎች አገር ነው። ከዚያ የመጣ ሾፌር፣ አዲስ ትራክተር ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ በበሬ ተጎትቶ ወጣ ብሎ ረዲ ሱቅ ውስጥ አወራ። ነመራ ሰማና ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ግጥም አደረገው፦

አንገር ጉቲን ሜዳ ዝናብ ዘነበና፣
ትራክተሩ ቆመ ጭቃ ያዘውና።
ቦራና ዳለቻ ቀንበር ይዘው መጡ፣
ትራክተሩን ስበው ከጭቃው አወጡ።

መጨረሻው ላይ ቦራና ዳለቻ የተባሉት ሁለቱ በሬዎችና ትራክተሩ እርስ በርስ ተመሰጋግነው ተጨባብጠው ይለያያሉ። በሬ ምኑን እንደሚጨብጥ ነመራ አላብራራም። ግጥሙ ለነፍሰ ጡርም ለካድሬም የማይከብድ ነበር።

ታዲያ ሰዉ ወደደው። ወድዶም አልቀረ፤ ጨመረበት። አራተኛው ትእዛዝ ይፈቅዳላ! የጨመረ ሁሉ ደግሞ፣ ተምሮ የማይጠግብ ታዛዥ ሕዝብ ነውና፣ ስሙን ከነአገሩ ጻፈ። ከኪራሙ አንድ ገበሬ እንዲህ ሲል ላከ፦

ናፍጣ አይለምኑም ሣር ይበቃቸዋል፣
የውጭ ምንዛሪ ማን ይጠይቃቸዋል።
(ይህን የጨመርኩ ነገራ ነኝ፣ ከኪራሙ።)

ነመራ ይህን ሲያነብ «ኤዬ! ገጣሚ ነው!» ብሎ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከዲጋ የመጣውን ሲያነብ ግን ተነሳ፦

የትራክተሩ ጎማ የኋላው ትልቅ ነው፣
ነፋስ ስለሌለው መነፋት አለበት።
(ጆቴ። ዲጋ። ጎሚስታ።)

«ይህ እኮ ቤት አይመታም» አለ ነመራ፣ ፊቱ እንደ ታመመ ሰው ሆኖ።

«ጎማ ነው የሚመታው ሰውየው» አለ ረዲ።

«ማውጣት አልችልም። ፈርሟል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ከሲባጎው ላይ የተሰቀለው ዋናው ቅጂ ዘጠኝ ስም ያዘ።

የአብዮት በዓል ሰሞን ነመራ ረዲን አንድ ገጽ ሙሉ እንደገና አስገለበጠው፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስለተረሳች። ረዲ ጽፎ ሲጨርስ እጁ ደንዝዞ፣ ወገቡ ተቆርጦ ነበር። ቀና ሲል ሁለት ሰንጋዎች በሱቁ ፊት ወደ ድግሱ ሲነዱ አየ። አንዱ ቦራ ነው። ከኋላቸው ባንዲራ የለበሰ ትራክተር፣ አንገቱ ላይ አበባ ተንጠልጥሎለት፣ ለሰልፍ ይሄዳል።

ረዲ የትራክተሩን ግጥም ከሲባጎው አወረደ። ፊደሉን ሆን ብሎ እንደ ጀማሪ ተማሪ እያንጋደደ፣ ከጆቴ ጎማ በታች እንዲህ ሲል ጻፈ፦

የሰጠመው ቆሞ ኒሻን አጠለቀ፣
የጎተተው በሬ በድግስ አለቀ።

ስሙን አልጻፈም። አገሩንም አልጻፈም። መልሶ ሰቀለው። አራተኛው ትእዛዝ በነቀምቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣሰ፤ ረዲም ሱቅ ከከፈተ ወዲህ እንደዚያን ቀን ተደስቶ አያውቅም።

በማግስቱ በአሥር ሰዓት ነመራ መጣ። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ።

«ማነው?»

«ምኑ?»

«ይህን የጻፈው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስንቱ ይቀመጣል እዚህ ጆንያ ላይ።»

«ረዲኮ» አለ ነመራ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ሰው ከኔ ይበልጣል።»

ረዲ ጨው እየሰፈረ ነበር። ጣሳው አየር ላይ ቆመ። በሕይወቱ ብዙ ተብሏል፤ ሌባ፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አራጣ አበዳሪ ተብሏል። ይህን ግን ማንም ብሎት አያውቅም፤ ያለውም ሰው ለማን እንዳለ አላወቀም።

«ለምን አልፈረመም ታዲያ?» አለ ረዲ።

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

«ፈሪ ነዋ።»

«ፈሪ እንዲህ አይጽፍም።»

ነመራ ማስታወቂያ ጽፎ ለጠፈ፦ «የዚህ ስንኝ ባለቤት ቀርቦ ስሙን እንዲያስመዘግብ በአክብሮት ይጠየቃል።» በዚያ ዘመን «ቀርበህ ተመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ የቀረበ ሰው የለም። ስንኙ ግን እግር አወጣ። አውቶቡስ ላይ ተዜመ፣ ወፍጮ ቤት ተባለ፣ ከጊምቢ ዞሮ ሲመለስ ዜማው ተለውጦ ነበር። ረዲ በሰማው ቁጥር በኩራት ቀና ይልና፣ ወዲያው ማን እንዳየው ለማወቅ ደጃፉን ይቃኛል።

የመጣው ነመራ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ጓድ ገብረወልድ የሚባል ካድሬ መጣ። ቀጭን፣ ትሁት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ወረቀቱን ከመቆንጠጫው በጥንቃቄ ነቀለ፣ አጠፈ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ቢሮ» አለ።

በጠዋቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነመራ ከረባቱን አስሯል። ጓድ ገብረወልድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ጫፍ ስሞቹን ቆጠረ።

«ዘጠኝ ሰው። ከነአድራሻው። አንዱ ሙያውን ሳይቀር ጽፏል።» ፈገግ አለ። «መምህር፣ እንዲህ ያለ ተባባሪ ሕዋስ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ረዲ አራተኛው ትእዛዝ ምን እንደሆነ ያኔ ገባው። የእስረኞች ስም ዝርዝር ነው፤ እስረኞቹ ራሳቸው በፈቃዳቸው የጻፉት።

«ቀላል ነገር ነው የምጠይቅህ» አለ ጓዱ። «የራስህን ለይተህ አሳየኝ፤ የራስህ ምንም የለበትም። ስለ ጭቃና ስለ በሬ ነው። የራስህን ታሳያለህ፣ ትሄዳለህ። የቀሩትን ባለቤቶቻቸው ይጠየቁበታል።»

ነመራ ዕድሜውን ሙሉ የለመነው ይህን ነበር፤ አንድ ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ «የቱ የማን ነው?» ብሎ በትክክል እንዲጠይቅለት። መልሱም እፊቱ ተዘርግቷል፤ በገዛ እጁ ሕግ የተጻፈ፣ አንድ ፊደል ያልጎደለው እውነት።

ነመራ ከረባቱን ነካ።

«ሁሉም የኔ ነው» አለ።

«ነገራ፣ ከኪራሙስ?»

«የብዕር ስሜ ነው።»

«የቀሩት ሰባቱም?»

«ደራሲ ስም ያበዛል፣ ጓድ።»

ጓዱ እርሳሱን አወረደ፣ የጆቴን መስመሮች ቀስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበባቸው። ከዚያ ቀና አለ። «ይህንንም አንተ ነህ የጻፍከው?»

ረዲ የነመራን ፊት አየ። ሰው ጥርሱ ያለ ማደንዘዣ ሲነቀል እንደዚያ ይሆናል።

«እኔ ነኝ።»

«ቤት አይመታም እኮ።»

«አይመታም።»

«መምህር ነህ። ደራሲ ነኝ ትላለህ።»

«ቸኩዬ ነው» አለ ነመራ፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ዝቅ ብሎ።

በዚያ ቢሮ ሰዎች ብዙ ነገር አምነዋል። ያላዩትን ማኅበር፣ ያልረገጡትን ጫካ፣ ያልያዙትን መሣሪያ አምነዋል። የሌላን ሰው መጥፎ ግጥም «የኔ ነው» ብሎ ያመነ ግን ከኦቦ ነመራ በፊት አልነበረም።

«ይህኛው ስም የለውም» አለ ጓዱ። እርሳሱ በሬው ላይ ቆመ። «በየአውቶቡሱ የሚዘፈነው። ይህስ?»

አሁን፣ አለ ረዲ በልቡ። አሁን በል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተኛች ምላስ፣ ያኔ ተኛች።

«የኔ ነው» አለ ነመራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ጓዱ ፍርሃት መሰለው። ረዲ ግን ሰውየውን ያውቀዋል፤ እፍረት ነበር። ከሱ የሚበልጥ የሰው ሥራ እየሰረቀ ነበር።

«ጓድ...» አለ ረዲ።

«አንተ ደግሞ ምን አለህ?»

«ውሃ... ውሃ ይኖራል?»

ውሃ ሰጡት። ጠጣ። ወደ ቤቱ ሄደ። ነመራ አልሄደም።

ረዲ በቀበሌ አዳራሽ ቆሞ፣ ሲባጎ በመወጠሩ ግለ ሂስ አደረገ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ነመራ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ዲጋ ላይ ጆቴ ጎማውን ሲነፋ ከረመ፤ ነገራም ኪራሙ ላይ አጨዳውን አጨደ። ማንም አልነካቸውም። የብዕር ስም ምን ይደረጋል?

የነመራ ሚስት ዓባይነሽ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ስትሄድ በሱቁ በኩል ታልፋለች። ረዲ ስኳርና ሳሙና ይጨምርበታል። አንድ ቀን ከሲጋራ ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ተረት አወጣች። ነመራ ከውስጥ የላከው ነው። ከግርጌው፣ በጉንዳን ፊደል፣ አራቱም ትእዛዛት አሉ።

«አየህልኝ?» አለች። «ሰው በጻፈው ይታሰራል። የኔው ባልጻፈው ታሰረ። በሬ ታረደ ብሎ እሱ ይጽፋል? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ጓሮ የሚደበቅ ሰው!»

«ለሌላ ሰው እንዳትናገሪው» አለ ረዲ።

«ለማን እናገራለሁ? ላንተ ነው እንጂ።» ዓይኑን አየችው። «ባለቤቱ ግን አንድ ቀን እንቅልፍ ይወስደዋል ትላለህ?»

ረዲ ሳሙና ጨመረላት።

እሱም ሊጠይቀው ሄደ። በሽቦው በኩል ነመራ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ መነጽሩ በክር ታስሮ አየው። ጤናውን አልነገረውም፣ ስለ ሚስቱ አልጠየቀም።

«ረዲኮ፣ መጣ?»

«ማን?»

«ባለቤቱ።»

«አልመጣም።»

«ይመጣል» አለ ነመራ። «ሰው እንዲህ ያለ ነገር ጥሎ አይቀርም።»

በምሕረት ተፈታ። ከተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ ገና እግሩ ሳይጸና፣ የሰረቀውን ሊመልስ ተነሳ። ረዲ ሱቁን ዘግቶ አብሮት ዲጋ ወረደ፤ ብቻውን መንገድ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል ብሎ። ጆቴ ከአንድ አይሱዙ ሥር እግሩ ብቻ ወጥቶ አገኙት።

«ኦቦ ጆቴ» አለ ነመራ ለእግሩ፣ «ሁለት መስመርህን ያለ ፈቃድህ የኔ ነው ብያለሁ። ይቅርታ ልጠይቅና ልመልስልህ ነው የመጣሁት።»

ጆቴ ተንፏቆ ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየውና ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«አልፈልገውም» አለ። «ያንተው ይሁን።»

«ያንተ ነው እኮ።»

«ሰጥቼሃለሁ፣ ኦቦ! አሥራ አንድ ወር የታሰርክበትን ነገር እኔ ምን አደርገዋለሁ? ውሰደው!»

ነመራ ያለ «ብቻ» የተሰጠ ነገር ተቀብሎ አያውቅም ነበር። ያውም ቤት የማይመታ። በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ረዲ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲንፈቀፈቅ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ነመራ አልጠየቀውም።

ነገራ ከኪራሙ ማር ላከ። የቀሩትም እንደየአቅማቸው የየራሳቸውን ተቀበሉ። አንድ ስንኝ ብቻ ባለቤት አጣ። ሰው በመንገድ ላይ ነመራን ሲያገኝ ስለዚያች ስንኝ እጁን ይዞ ይጨብጠዋል፤ እሱም «የኔ አይደለም» ማለት አይችልም። ካለ ሌላ ሰው ይፈለጋላ። ስለዚህ ምስጋናውን እንደ ኮሶ ይውጠውና በአሥር ሰዓት ረዲ ሱቅ ይመጣል፤ እውነቱን የሚናገርበት ሌላ ቦታ የለውም።

«መጣ?»

«አልመጣም፣ ኦቦ ነመራ።»

«በአደራ ነው የያዝኩለት።»

«አውቃለሁ።»

«ሌባ ሆኜ እንዳልሞት ነው።»

ከዚያ ጆንያው ላይ ይቀመጣል፣ የረዲን ማስታወቂያዎች ሥርዓተ ነጥብ ያርማል፣ ይሄዳል።

ዓመታት አለፉ። ያ መንግሥት ወደቀ፤ ጓድ ገብረወልድ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለ በሬና ስለ ትራክተር ጻፈ ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። ረዲ የፍርሃት ሰበቡ ካለቀበት ቆይቷል። ሸብቷል፤ አሁንም ደክሞታል። አንድ ጊዜ ሊናገር ጉሮሮውን ጠራረገ። ግን ነመራ በዚያ ቀን አሞት ስለነበር አንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ረዲ ሦስት ጊዜ ደጃፍ ወጥቶ መንገዱን አየ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ባለቤቱ ከተገኘ ይህ ጨቅጫቃ፣ ይህ የሰረዝ ዘብ፣ ይህ ሰጥቶ የማይለቅ ሰው፣ ነገ በአሥር ሰዓት ምን ሊል ይመጣል? «አልመጣም» ብሎ መለሰለት። ሌባው አሁን ማን እንደሆነ ግን ረዲ አይጠፋውም።

አንባቢ ሆይ፣ በነቀምቴ ያለፍክ እንደሆነ፣ ከገበያው ወደ አውቶቡስ ተራው ስትወርድ ሱቁን ታገኘዋለህ። ለነመራ ምንም አትንገረው፤ መንገሩ የአንተ ድርሻ አይደለም። ረዲን ግን፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት፣ ጠጋ በልና «ንገረው፤ ቢያውቅም ነገ ይመጣል» በለው። አያምንህም። ያኔ እባክህ ቶሎ አትውጣ፤ አሥር ሰዓት እስኪሆን ጆንያው ላይ ቁጭ በልና፣ ነመራ ገብቶ «መጣ?» ሲል፣ አንተ ረዲን ትኩር ብለህ እየው፤ ያኔ «አልመጣም» ማለት ይከብደው ይሆናል።